ወንዱ የትኛው ነው? የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮ

የባዮሎጂ ክበብ ሲባል «እነዚያ አይጥ የሚያረቡት?» ያላለን የለም። አዎ፣ እኛው ነን። ገበሬው እህሉን ከአይጥ ለማትረፍ በሚታገልበት በጎጃም፣ አይጥ መቀለብ ለብዙ ወላጅ ግራ እንደሚሆን ይገባኛል። እስቲ ልጆቹ ምን እንዳዩ ልንገራችሁ።

ስብሰባው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ነበር። ኮሚቴ መርጠናል፤ በሚኒ ሚዲያም አራት ዝግጅት አቅርበናል።

በጥቅምት መጨረሻ ሁለት ነጭ አይጦች በስጦታ አገኘን። «ሁለቱም ሴት ናቸው» ተባልን። እኔም ሳልፈትሽ ተቀበልኩ። ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ሳጥኑን ስንከፍት ዘጠኝ ቀያይ፣ ፀጉር ያላበቀሉ ልጆች ተኝተዋል! የአይጥ እርግዝና ከ21 እስከ 23 ቀን ነው።

አይጥ በአምስት ሳምንቷ ማርገዝ ስለምትችል ዘጠኙን ከዚያ በፊት መለየት ነበረብን። በወንዱ፣ ከሽንት መውጫው እስከ ፊንጢጣው ያለው ርቀት የሴቷን እጥፍ ያህላል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ጣት በማታክልና በምትንፈራገጥ ፍጥረት ላይ፣ ያለ አጉሊ መነጽር፣ ሚሊሜትር መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ ተከራከሩ። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

በአሥረኛው ቀን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጠራችኝ። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ናት፤ በስብሰባ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም። «ቲቸር፣ እነዚህ ሆዳቸው ላይ ነጠብጣብ አላቸው። እነዚያ የላቸውም።» ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሁለት መስመር የተደረደሩ የጡት ጫፎች! ሴቷ 12 አላት፤ ወንዱ ጭራሽ የለውም። ፀጉሩ ሳይሸፍናቸው በደንብ የሚታዩት ለጥቂት ቀን ነው። እሷ ባታይ ያመልጠን ነበር። አምስት ሴት፣ አራት ወንድ ብላ ለየቻቸው።

ከገና በኋላ የሦስቱ ወንዶች ቆለጥ በግልጽ ታየ። አራተኛው ግን ምንም የለውም። «ተሳስታለች» ተባለ። ውርጭ የጣለበት ጠዋት ነበር። ልጅቷ አልተከራከረችም። አይጡን አንስታ ሹራቧ ውስጥ አቅፋው ተቀመጠች። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ክፍሉ ሲሞቅ አወጣችው፤ ቆለጡ ወርዷል። ወንድ አይጥ ሲበርደው ወይም ሲደነግጥ ቆለጡን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

ጥፋትም አለ። እናትየው በወለደች በአንድ ቀን ውስጥ ዳግም ልታረግዝ እንደምትችል ዘንግቼ አባትየውን አብሯት ተውኩት። ሌላ ሰባት ወለደች፤ ሁለቱ በብርድ ሞቱ። ግን ይህን ያየ የገበሬ ልጅ ጎተራ ውስጥ አንድ አይጥ ገድሎ መተኛት እንደማይበቃ አሁን ያውቃል። ይሄ ትምህርት አይደለም የሚል ካለ መጥቶ ልጆቹን ይጠይቅ።

ሳጥኖቹን ከለስላሳ መጠጥ ሣጥንና ከሽቦ የሠሩት ተማሪዎቹ ናቸው። ፉርሽካውን ከኪሳችን ገዝተናል። ለኳስ በጀት ሲገኝ ለአንድ ካርቶን ጓንት መጥፋቱ ያሳዝነኛል። የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም፦ ሁለት ደህና ሳጥን፣ አጉሊ መነጽር፣ ትንሽ ሚዛንና ጓንት። የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ቤታችሁ ሥራ የፈታ አጉሊ መነጽር ካለ ላኩልን።

ክረምቱን አይጦቹ እኔ ቤት ይከርማሉ። መስከረም ላይ ግን ሳጥን ይፈልጋሉ።