ልጄ፣ ቸርኬሽን አሲድ እንዳታስነኪው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሐዋሳ እንዴት ይዛሻለች? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መኪና በመግዛትሽ የተሰማንን ደስታ ልነግርሽ አልችልም። የላክሽውን ፎቶ እናትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይታዋለች። የእኔ ዓይን ግን ያረፈው ቸርኬው ላይ ነው። የፊቶቹ ጠቁረዋል፣ የኋላዎቹ ደህና ናቸው። ላቫጆ ያሉት ልጆች «በአሲድ እናስለቅቅልሽ» እንዳሉሽ ስትጽፊ ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም። እባክሽ እሺ እንዳትያቸው።

መጀመሪያ ያ ጥቁር ነገር ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ፍሬን በያዝሽ ቁጥር የፍሬን ሸራውና ከጎማው ጋር የሚዞረው የብረት ዲስክ ይፋተጋሉ። ከሁለቱም የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ በትኩሱ ቸርኬው ላይ ይለጠፋል። አብዛኛው ብረት ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይዝግና ቡናማ ነጠብጣብ እየሆነ ቀለሙን ይበላል። መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ ብዙውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው። ያንቺ ቪትዝ ከኋላ ዙሪያውን የተዘጋ የታምቡር ፍሬን ስላለው ደግሞ ብናኙ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የፊቶቹ ቢጠቁሩ አትደንግጪ። ከፊቶቹ አንዱ ከሌላው በጣም ከጠቆረ ግን መካኒክ ይየው። በዚያ በኩል ያለው ፍሬን ይዞ አልለቅ ብሎ ሊሆን ይችላል።

አሲዱ ሲያዩት ያጓጓል። አንዴ ሲረጩት ጥቁሩ ነገር እየፈላ ይወርዳል፣ ቸርኬው አዲስ ይመስላል። ነገር ግን የአሉሚኒየም ቸርኬ ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ መከላከያ ቀለም አለው። አሲዱ እሱን ይበላል። ቀጥሎ ራሱን አሉሚኒየሙን ይነካና ነጭ፣ ደብዛዛ ያደርገዋል። ያ ደግሞ በማሸት አይመለስም፣ ቸርኬው ተፍቆ እንደገና መቀባት አለበት።

ከቸርኬው ይልቅ የሚያሳስበኝ ያንቺ ጤና ነው። አንዳንዱ የቸርኬ ማጽጃ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለበት። ይህ አሲድ ቀጠን ያለ ከሆነ ቆዳ ሲነካ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። እስከዚያ ወደ ውስጥ ዘልቆ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይይዛል፣ ሲብስ ልብን እስከማወክ ይደርሳል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ የሚጠቀሙም አሉ። እሱ ላይ በረኪና ከተጨመረ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል። ልጆቹ ያለ ጓንት ሲሠሩበት ሳይ ለእነሱም አዝናለሁ። ቢሰሙሽ ንገሪያቸው።

አሁን እንዴት እንደምታጥቢው ልጻፍልሽ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ነድተሽ እንደገባሽ ውሃ እንዳትረጪበት። ዲስኩ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍበት ሊጣመም ይችላል። ሳሙናውም ሳትደርሺበት ደርቆ ምልክት ይተዋል። ጥላ ያለበት ደልዳላ ቦታ አቁሚና ይቀዝቅዝ። መዳፍሽን ወደ ቸርኬው አስጠጊ፤ ሙቀት ካልተሰማሽ ጀምሪ። መጀመሪያ በብዙ ውሃ አለቅልቂው፣ አሸዋው ሳይወርድ ካሸሽው ይቧጭረዋል። ከዚያ የመኪና ሻምፖ በባልዲ በጥብጪ። የዱቄት ሳሙና ይቅርብሽ፣ ያልሟሟው ፍሬ ይፍቃል፣ ሰሙንም ያነሳል። አንድ ጎማ ጨርሰሽ ወደ ሌላው እለፊ። ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሚ፣ ለቡሎኖቹ ቀዳዳ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ድስት የምንፈገፍግበት ሽቦ በጭራሽ እንዳይነካው። የጎማ ማጠቢያ ስፖንጅና ባልዲሽን ከመኪናው አካል ማጠቢያ ለዪው፣ አለበለዚያ ያ የብረት ብናኝ ቀለሙን ይጭረዋል።

በሻምፖ አልለቅ ያለ ነጠብጣብ ካለ አሲድ የሌለው የብረት ብናኝ ማስለቀቂያ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ጠይቂ። ሲረጩት ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ሐምራዊ እየሆነ ይወርዳል። ሽታው እንደ ተበላሸ እንቁላል ነው፣ አትገረሚ። ጓንት አድርጊ፣ አየር ባለበት ቦታ ይሁን፣ ሳይደርቅ እጠቢው። በመጨረሻ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂና የመኪና ሰም ስስ አድርገሽ ቀቢው። ሰሙ ካለ ብናኙ በቀላሉ አይጣበቅም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ውሃና ሻምፖ ብቻ ይበቃሻል።

ጎማውን ለማጥቆር ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት የሚቀባልሽ ካለ ከልክይው። የነዳጅ ዘር ላስቲኩን ያለሰልሰዋል፣ ዕድሜውን ያሳጥራል። ማስዋቢያ ከፈለግሽ ውሃ ላይ የተመሠረተውን ግዢ፣ ጎኑን ብቻ ቀቢ። መንገድ የሚይዘው ጥርሱና ዲስኩ እንዳይነካ፤ ያንሸራትታል፣ ፍሬንም ያሳጣል። ላቫጆ በግፊት የሚረጨውም ውሃ ከጎማው ጎን ራቅ ይበል፣ በጣም ከቀረበ ላስቲኩን ይጎዳል። ታጥቦ ሲያልቅ ቀስ ብለሽ እየነዳሽ ፍሬኑን ደጋግመሽ ነካ ነካ አድርጊው፣ ይደርቃል። በማግስቱ ዲስኩ ላይ ቀላ ያለ ዝገት ብታዪ የተለመደ ነው፣ ሁለት ሦስቴ ፍሬን ስትይዢ ይጠፋል።

ራስሽ እጠቢ የምልሽ ግን ለገንዘቡ ብዬ አይደለም። ቸርኬ ስታጥቢ ጎንበስ ብለሽ ታያለሽ። ከቡሎን ሥር የዝገት መስመር ወርዶ ከታየሽ ቡሎኑ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ከቸርኬው በስተጀርባ ዘይት መሰል እርጥበት ካለ የፍሬን ዘይት እየፈሰሰ እንደሆነ ጠርጥሪ፣ መኪናውን ሳታንቀሳቅሺ መካኒክ ጥሪ። ጉድጓድ የመታው ቸርኬ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ሊይዝ ይችላል፣ ከጭቃ በታች አይታይም። ጎማው ያበጠበት ቦታ ካለ ደግሞ አትንጂበት፣ ጎሚስታ ጋ ይቀየር።

ስታጥቢ ሐይቁ ዳር እንዳትሄጂ። ከፍሬን የሚወጣው ብናኝ መዳብ ሊኖረው ይችላል፣ መዳብ ደግሞ ዓሣ ይጎዳል። አሜሪካ ውስጥ የካሊፎርኒያ ግዛት በዚሁ ምክንያት በ2010 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥቶ በፍሬን ሸራ ውስጥ ያለው መዳብ ከ2021 ጀምሮ ከ5 በመቶ፣ ከ2025 ጀምሮ ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጓል። አሞራ ገደል የምትበዪው ዓሣ ከዚያው ሐይቅ ነው የሚወጣው።

አንድ ነገር ላዝሽ። መኪናው ያገለገለ ስለሆነ የጎማዎቹን ዕድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጎኑን ካጸዳሽ በኋላ «ዲኦቲ» ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ፈልጊ። መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር አለ። 2318 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ከውጭ በኩል ካላገኘሽው ከውስጥ በኩል ተመልከቺ። ጥርሱ ያልተበላ እንኳ ቢሆን 10 ዓመት ያለፈው ጎማ እንዲቀየር ብዙ አምራቾች ይመክራሉ። የአራቱንም፣ የመለዋወጫውንም ጭምር ፎቶ አንስተሽ እስከ እሑድ ላኪልኝ። ያረጀ ካለ ለፋሲካ ስትመጪ አብረን እንገዛለን።

እናትሽ «ቀስ ብላ ትንዳ» ብላለች።

የሚወድሽ አባትሽ