ለአባዬ፣ ስለ ባትሪው

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር፤ «ደህና ነኝ፣ ሂሳብሽን አትጨርሺ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን መሃል ላይ አይዘጋም።

የትንሹ የፊት ጥርስ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ሲወረውረው ጎረቤት ግቢ ገባና ፈልገን እስክናመጣለት ድረስ አለቀሰ። ትልቋ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። አሁን ደግሞ «አያቴ ባቡር ነድቶ ያውቃል?» ትለኛለች። ምን ነግረሃት ነው? ጓደኞቿ ደግሞ አባቴን «አንተ» ስል ሰምተው ደነገጡ። የድሬ ሰው እንዲህ ነው ብላ አስረዳቻቸው።

እሺ፣ ወደ ባትሪው ልምጣ።

ጎረቤታችን ደውላልኝ ነበር። ፔጆዋ አልነሣ ብላህ ስትታገል አይታሃለች፤ ያውም በማኖቬላ፣ ብረቱን በእጅህ እያዞርክ! አባዬ፣ ሰባ አራት ዓመትህ እኮ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ የእጅ አንጓ ይሰብራል። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሆናል፣ ብረቱ ወደ ላይ ይሳባል እንጂ ወደ ታች አይጫንም። ይህን ያስተማርከው ወንድሜን ነው። እኔ የሰማሁት የእጅ ባትሪ ይዤ አጠገባችሁ ስለቆምኩ ነው። አሁን ብረቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፍበት።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንደምትል አውቃለሁ። በምድር ባቡር ዎርክሾፕ ዕድሜውን ለጨረሰ ሰው ስለ ባትሪ መጻፍ ያሳፍራል። ግን እኔም እዚህ ሦስት ባትሪ ቀይሬአለሁ፤ የመጨረሻውን በገዛ እጄ።

ያንተው አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰው ባትሪን የሚገድለው ብርድ ይመስለዋል፤ የአዲስ አበባ መኪና ማለዳ ላይ ሲለግም ስለሚያይ። ገዳዩ የእናንተ ሙቀት ነው። ውሃውን ያተንነዋል፣ በውስጡ ያለውን እርሳስ ቀስ እያለ ይበላዋል። ብርዱ የሞተውን ያጋልጣል እንጂ አይገድልም። ለድሬዳዋ ፀሐይ አራት ዓመት ብዙ ነው። ስለዚህ ባትሪው ነው አባዬ። አርጅቷል፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ልትገዛ ስትሄድ አሮጌውን ባጃጅ ላይ ጭነህ ሂድ። የተጻፈበት 60 አምፔር-ሰዓት ከሆነ 60 ግዛ። ሻጩ «ትልቁ ይሻልሃል» ቢልህ አትስማው፤ መቀመጫው ላይ በልኩ ካልገጠመ በየመንገዱ እየተንገጫገጨ ውስጡ ይረግፋል። ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነ አስተያይ፤ በተቃራኒው ከሆነ ካቦው አይደርስም። የተሠራበትን ቀን ጠይቅ። ከስድስት ወር በላይ ሳይሞላ መደርደሪያ ላይ የከረመ ባትሪ አዲስ ነው አይባልም። እዚያው ፊትህ በቴስተር ይለካ፦ 12.6 ቮልት ገደማ ይሁን፤ ከ12.4 በታች ካሳየ ጥለህ ውጣ። አሮጌውን ደግሞ በነጻ እንዳትተውላቸው፤ እርሳሱ ይሸጣልና ከዋጋው ይቀንሱልህ። ገንዘቡን በባንክ ልኬአለሁ። መልሰህ አትላክልኝ።

አገጣጠሙን ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ሲፈታ መጀመሪያ ኔጋቲቩ፣ ሲታሰር ደግሞ ኔጋቲቩ መጨረሻ። ሲጋራ አጠገቡ አይደርስም። የካቦውን ማሰሪያዎች በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠባቸው፣ ነጩ ዱቄት ይልቀቅ፤ ሲደርቁ አጥብቀህ እሰርና ቫዝሊን ቀባቸው።

ነጭ ዱቄት ካነሣሁ አይቀር፣ የ1989ን ቁልቢ ታስታውሳለህ? ስንመለስ ደንገጎ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ጠጥተን ስንመጣ ፔጆዋ ጭጭ አለች። መሽቷል። እማዬ ከኋላ ነጠላዋን ተከናንባ ትጸልያለች። የእጅ ባትሪውን እኔ ያዝኩ፤ መቼም የእኔ ሥራ እሱ ነበር። ወንድሜን «ይህን ተመልከት» ትለዋለህ፣ እኔን «አብሪ» ትለኛለህ። ካንዴላዎቹን ፈታችሁ፣ የቤንዚኑን ቱቦ ነፋችሁ። እኔ ከቆምኩበት ግን የባትሪው ማሰሪያ ነጭ ዱቄት ለብሶ፣ ላልቶ ይታየኛል። በጣቴ ብነካው ዞረ። «አባዬ፣ ይህ ላልቷል» አልኩህ።

«አንቺ ባትሪሽን ያዢ» አልከኝ።

ሁለተኛ አልተናገርኩም። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆመልን፣ ያንኑ ማሰሪያ በሴንጢ ፍቆ አጠበቀው፣ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። አመሰገንከው፤ ለቤት የገዛነውን ብርቱካን ሰጠኸው። እኔን ዞር ብለህ አላየኸኝም። የእጅ ባትሪውን ሳላጠፋ ጉልበቴ ላይ ይዤ ቁልቁለቱን ወረድን፤ ቤት ስንደርስ «ድንጋዩን ጨረስሽው» ብለህ ተቆጣህ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ለምን አሁን እንደጻፍኩት እኔም አልገባኝም። ያስተማርከኝ፣ እዚህም ያደረስከኝ አንተ ነህ፤ እሱን አልካድኩም። ግን «ልክ ነበርሽ» ብትለኝ ምን ነበረበት?

ወንድሜ ደውሎልህ እንደሆነ አልጠይቅህም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን አስነሥተህ ለካው፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደህና ነው ማለት ነው። ቴስተር ከሌለህ ታይዋን ገበያ ታገኛለህ። እንግዲህ ባትሪው አዲስ ሆኖ፣ ዲናሞው ደህና ሆኖ፣ በነጋታው እንደገና አልነሣ ካለ...

ጎረቤታችን የነገረችኝ ማኖቬላውን ብቻ አይደለም። የፔጆዋ የፊት መብራት ሌሊቱን በርቶ ሲያድር ከመስከረም ወዲህ ሦስተኛው ነው አለችኝ። ባትሪ ካረጀ መብራት ባይረሳም ይሞታል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሁለቱ መብራቶች 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ 60 አምፔር-ሰዓት ከሰባት ሰዓት አያልፍም። ዛሬ ከሱቅ የወጣ ባትሪም ቢሆን አያነጋም።

ባለፈው እሑድ ስትደውል ደግሞ በእማዬ ስም ጠራኸኝ። ሁለት ጊዜ። አላረምኩህም፤ «አቤት» አልኩ።

ለቁልቢ ታኅሣሥ 19 ከመድረሱ ቀደም ብዬ እመጣለሁ፤ ልጆቹንም አመጣለሁ። አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፣ ለዓይንህ ነው። መነጽርህን ከቀየርክ ቆይተሃል። ደንገጎን ደግሞ ዘንድሮ እኔ ልንዳ። ከጎኔ ተቀምጠህ ማርሹን አበላሸሽው እያልክ ብትቆጣኝም ግድ የለኝም።

እስከዚያው ማታ ከመተኛትህ በፊት በመስኮት ወደ ግቢው ተመልከት። ብርሃን ካየህ ወጥተህ አጥፋና ደውልልኝ። ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ።

ልጅህ