ደሮበርትን በአንድ መስመር አትለፉት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ናውሩ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ስላለችው ደሴት አገር፣ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ደስ ይላል ግን እናንተም እንደሌላው "በፎስፌት (ማዳበሪያ የሚሠራበት ማዕድን ነው) ከብረው ብሩን በልተው ጨረሱ" ብላችሁ አለፋችሁ፣ ሀመር ደሮበርትንማ "የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት" ከማለት ውጪ ምንም አላላችሁም። ኧረ በናታችሁ!

ሰውየው አስተማሪ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓኖች 1200 የሚሆን የናውሩ ሰው ትሩክ ወደሚባሉ የፓስፊክ ደሴቶች ሲያግዙ እሱም አብሮ ተግዟል፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1946 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በህይወት የተመለሱት 737 ብቻ ናቸው። በ1956 ዋና የጎሳ አለቃ ሆነ። ያኔ ናውሩን ታስተዳድር የነበረችው አውስትራሊያ ደሴታችሁ ተቆፍሮ ማለቁ ነው፣ እኛ አገር ኩዊንስላንድ አጠገብ ከርቲስ የምትባል ደሴት እንስጣችሁና እዛ ኑሩ ስትል እሺ ግን ራሳችንን እናስተዳድራለን አለ፣ አይ የኛ ዜጋ ነው የምትሆኑት ሲሉት እንግዲያው ይቅርብን ብሎ 21 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬቱ ላይ ቀረ። ከዛ የፎስፌቱን ሥራ በ21 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ፣ ነጻነቱንም ሆን ብሎ ከግዞት በተመለሱበት ቀን፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1968 አሳወጀ።

ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም። ሥልጣን ላይ እየወጣ እየወረደ እስከ 1989 ቆይቷል፣ ከሰረ የሚባለው አየር መንገድ የተቋቋመውም በሱ ጊዜ ነው፣ ብሩም በሱ ጊዜ ብዙ ባክኗል፣ ስሜን አጠፋ ብሎ የጓም ጋዜጣም ከሷል (እናንተም ተጠንቀቁ 😄)። እኔ የምኖረው ሜልበርን ነው፣ ናውሩዎች በ1977 ያስገነቡት 52 ፎቅ ህንጻ ኮሊንስ ስትሪት ላይ ዛሬም ቆሟል፣ ፎስፌቱ ከወፍ ኩስ የመጣ ነው ስለሚባል የከተማው ሰው የወፍ ኩስ ህንጻ እያለ ይቀልድበት ነበር፣ በኋላ ለዕዳ ተሸጠ።

ግን ያቺ ሚጢጢ አገር በ1989 አውስትራሊያን ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ገተረቻት እኮ! ከነጻነት በፊት ቆፍራችሁ ያበላሻችሁትን መሬት አስተካክሉ ብላ። አውስትራሊያ ጉዳዩ እዚህ ሊታይ አይገባም ብላ ተከራከረች፣ ፍርድ ቤቱ በጁን 1992 አይ እናየዋለን አለ፣ ደሮበርት ከሶስት ሳምንት በኋላ እዚሁ ሜልበርን ሞተ። አውስትራሊያ በ1993 ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማምታ 107 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ፈረመች። ይሄን አንድ አንቀጽ መጨመር ምን ያህል ቦታ ይወስድባችኋል?

አንባቢያችሁ፣ ከሜልበርን