«መሞከሪያ ልትሆኚ ነው?» ላልሽኝ

ልጄ፣

እሁድ ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አዲስ መድኃኒት ወደሚሞከርበት ጥናት ልገባ አስቤያለሁ ብልሽ፣ «እማ፣ መሞከሪያ ልትሆኚ ነው?» ብለሽ ዝም አልሽ። እኔም መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። ፊት ለፊት ከሆንን ሁለታችንም እናለቅሳለን። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ ስሙን ልጥራው። የፊንጢጣ ካንሰር ነው። ለዘመድ ሁሉ «ሆዷን ያማታል» እያልን ነው እዚህ የደረስነው። ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሲደማኝ ኪንታሮት ነው ብዬ ሰባት ወር ሙሉ ቅባት ስቀባ ከረምኩ። ማሳየቱ አሳፈረኝ። ከ10 ታማሚ የ9ኙ ያህል መነሻው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ነው፤ የማኅጸን በር ካንሰርን የሚያመጣው ያው ቫይረስ። አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል፣ ሳያውቀውም ይለቀዋል። እኔን አልለቀቀኝም፣ በቃ። ይህን አፍ አውጥቼ መናገር እስክችል ድረስ ስለ ጥናትም መጠየቅ አልቻልኩም ነበር።

አሁን «መሞከሪያ» ወዳልሽው ልምጣ። የመጀመሪያውን ሕክምናዬን ታስታውሻለሽ። ጨረር፣ ከኬሞ ጋር። ቆዳዬ ተልጦ ትራስ ላይ እንኳን መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ስበላ አይተሻል። ግን አልተቆረጥኩም። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ ድረስ ቢሆን ኖሮ ፊንጢጣዬን ቆርጠው ያወጡት ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ሰገራዬ በሆዴ በኩል ወደ ከረጢት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኖርማን ኒግሮ የሚባል በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ቀዶ ሐኪም ከቀዶ ሕክምና በፊት ጨረርና ኬሞ ስለሰጣቸው ሦስት ታማሚዎች ጻፈ። ዕጢው ጠፍቶ ነበር። ለሦስት ሰው የሠራ ነገር ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ሌሎች ሰዎች ፈርመው ገቡ። በ1996 በወጣው የእንግሊዝ ጥናት 585 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ጨረር ብቻ ከመስጠት ኬሞ ቢጨመርበት እንደሚሻል የታየው በእነሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ ይበልሽ። ሕክምናው አልቆ ዕጢው ገና ሲታይ አንቺ «ለምን ቶሎ አያወጡላትም?» ብለሽ ሐኪሙ ላይ ጮኸሽ ነበር። እሱ ግን ሕክምናው ከተጀመረ 26 ሳምንት እስኪሞላ እንጠብቅ አለ። ጠበቅን፣ ጠፋ። ያንን ትዕግሥት ከየት አመጣው? 940 ሰዎች ከገቡበት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ከወጣ ሌላ ጥናት ነው። በ11ኛው ሳምንት ዕጢያቸው ያልጠፋ ብዙ ሰዎች በ26ኛው ሳምንት ጠፍቶላቸው ነበር። እነዚያ ሰዎች ባይፈርሙ ኖሮ እኔ ዛሬ ከረጢት ይዤ ነበር የምጽፍልሽ። አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ማታ ማታ ግን አስባቸዋለሁ።

አሁን ካንሰሩ ጉበቴ ላይ ወጥቷል። ይህ ካንሰር ብዙ ሰው የሚይዘው አይደለም፤ በዓለም ሁሉ በዓመት 50,000 ሰው ገደማ ነው። ስለዚህ ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ ጥናት እንደ ልብ አይገኝም። ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ የሚባል የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ አለ፤ በነጻ ነው፣ የሌሎች አገሮችንም ጥናት ይዟል። መጀመሪያ የበሽታውን ስም ብቻ ጻፍኩ፣ ጥቂት ነገር መጣልኝ። በኋላ አንዲት ነርስ አጠገቤ ተቀምጣ አሳየችኝ። «ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ» ብለሽ ፈልጊ፣ የካንሰርሽ ዓይነት ስም ነው፤ «ኤችፒቪ» ብለሽ ፈልጊ፤ «ሶሊድ ቱመር» ብለሽም ፈልጊ፣ እንደ ዕጢ የሚወጣ ካንሰር ማለት ነው አለችኝ። ብዙ ጥናቶች የተለያዩ ካንሰሮችን አንድ ላይ ስለሚይዙ ፊንጢጣ የሚለው ቃል ርዕሳቸው ላይ የለም። ከዚያ «ሪክሩቲንግ» የሚለውን፣ ማለትም አሁን ሰው የሚቀበሉትን ብቻ መለየት ነው። እያንዳንዱ ኤንሲቲ ብሎ የሚጀምር ባለ 8 አሃዝ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ጽፌ ለሐኪሜ ሰጠሁት። መዝገቡ ላይ ስላለ ብቻ መንግሥት አረጋግጦታል ማለት አይደለም፤ ለመግባት ገንዘብ ክፈሉ የሚል ካለ ደግሞ እሸሻለሁ።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ የደወልኩበት ጥናት ለተሰራጨ ካንሰር ገና ኬሞ ያልጀመረ ሰው ነበር የሚፈልገው። እኔ ሁለት ዙር ወስጃለሁ። ጥናት ማለት ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚኬድበት ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዳንዱ በር ክፍት የሚሆነው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ነው። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ለሌላ ሰው መንገር ካለብሽ ይህንን ንገሪልኝ።

«ባዶ መድኃኒት ቢሰጡሽስ?» ብለሽም ነበር። ሬቲፋንሊማብ የሚባለውን መድኃኒት ልንገርሽ። የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ ነው። 308 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ሁሉም ኬሞ አግኝተዋል። ግማሾቹ መድኃኒቱ ተጨመረላቸው፣ ግማሾቹ ባዶው። ባዶው የደረሳቸውም በሽታው ሲብስ መድኃኒቱን መውሰድ ይችሉ ነበር። ማንም ያለ ሕክምና አልተተወም። በሽታው ሳይብስ የሚቆይበት ጊዜ ከ7.4 ወር ወደ 9.3 ወር ከፍ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ተአምር አይደለም። ሁለት ወር ግን ለእኔ ትንሽ አይደለም፤ ምን እንደማደርግበት አውቃለሁ።

የእኔው ጥናት ፌዝ 2 ነው፤ መድኃኒቱ ይሠራ እንደሆነ የሚታይበት ሁለተኛው ደረጃ ማለት ነው። ማን መድኃኒቱን፣ ማን ባዶውን ይውሰድ ተብሎ ዕጣ አይጣልም፤ ሁላችንም የሚሞከረውን መድኃኒት እናገኛለን። ላይሠራልኝ ይችላል። ሳንባዬን፣ አንጀቴን ወይም እንቅርት የሚወጣበትን ዕጢ ሊያስቆጣብኝም ይችላል። ይህን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሩኝ። በማንኛውም ቀን በቃኝ ብዬ መውጣት እችላለሁ፤ ብወጣም መደበኛ ሕክምናዬ አይቋረጥም። የመድኃኒቱን ወጪ እነሱ ይሸፍናሉ። የመመላለሻውንና ከጥናቱ ውጪ ያለውን ምርመራ ማን እንደሚከፍል ግን ገና በደንብ አልገባኝም።

የስምምነት ቅጹ 22 ገጽ ነው። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ገጽ 14 ላይ ከዕጢዬ የሚወስዱትን ናሙና ለወደፊት ምርምር ያስቀምጡት እንደሆነ ለብቻው ይጠይቃል፤ «አዎ» እና «አይ» የሚል ሁለት ሳጥን አለ። እሱን ባዶ ትቼዋለሁ።

ቀጠሮዬ ሐሙስ ጠዋት ነው። እስካሁን አልፈረምኩም። ነይና አብረን እንግባ። የምትፈሪውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አምጪ፣ እኔ ፊት ጠይቂያቸው። ገጽ 14ን ደግሞ አንቺ አንብቢልኝ።

እናትሽ