«የቤት ቁጥር» የምትለው መስመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ምርጫ ሲቃረብ ስለ ፓርቲዎችና ስለ ዕጩዎች ብዙ ይጻፋል። መደበኛ አድራሻ ስለሌላቸው መራጮች ግን የሚያነሣ አላገኘሁምና እኔው ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

ከዓመታት በፊት የመራጮች መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ጣቢያው ሳይከፈት ከደጅ ቆመው የጠበቁ አዛውንት ተራቸው ደርሶ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ነገሩኝ። «የቤት ቁጥር» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ዝም አሉ። ቆይተው በመስኮቱ ማዶ ያለውን በረንዳ በጣታቸው አሳዩኝና «እዚያ ነው የማድረው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀኛል» አሉኝ። ቅጹ በረንዳ አይቀበልም ነበርና ሳልመዘግባቸው መለስኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አድራሻ የሚጠየቀው መራጩ የየትኛው የምርጫ ክልል ነዋሪ እንደሆነና በየትኛው ጣቢያ እንደሚመርጥ ለማወቅ ነው። ለዚህ የሚያድርበት ቦታ ከታወቀ በቂ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ1996 የነዋሪነት መስፈርት ቤት የሌላቸውን ከመምረጥ እንዳያግድ በግልጽ አሳስቧል።

የቻሉም አሉ። በአሜሪካ የፌዴራሉ የመራጮች መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ባዶ የካርታ ቦታ አለ፤ አድራሻ የሌለው ሰው በአቅራቢያው ያሉትን መንገዶች ስም ጽፎ የሚኖርበትን ቦታ በ«ኤክስ» ምልክት ያሳያል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ቤት የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳልፍበትን ቦታ አስመዝግቦ እንዲመርጥ ፈቅዷል። ከሁሉ ልቤን የነካው የህንዱ አሠራር ነው፦ የምርጫ ሠራተኛው ራሱ በሌሊት ሄዶ ሰውየው በጠቀሰው ቦታ ማደሩን ያረጋግጣል፤ የሰነድ ማስረጃ አምጣ አይባልም። ማስረጃ የማጣራቱን ድካም መንግሥት ተሸከመው ማለት ነው።

ይህ ለማጭበርበር በር ይከፍታል የሚሉ አሉ። ስጋቱን አልንቅም። ሆኖም ሁለት ጊዜ መመዝገብን የሚከላከለው መዝገብን ከመዝገብ ማመሳከር፣ ሁለት ጊዜ መምረጥን ደግሞ የጣት ቀለም ነው፤ የቤት ቁጥር ሁለቱንም አይከላከልም።

ይልቅ የከበደው ችግር መታወቂያው ነው። ለመመዝገብ መታወቂያ፣ መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ይጠየቃል። መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ወረቀቱ ዝናብ ይመታዋል፣ ከነጓዙ ይሰረቃል፤ እንደገና ለማውጣት ሲሄድ ያው የአድራሻ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የሚያውቁት ጎረቤቶች ወይም የመጠለያ ሠራተኞች ፈርመው የሚሰጡት ምስክርነት ሊበቃ ይገባል። ከተመዘገበ በኋላ ካደረበት ቢነሣም ስሙ ከመዝገብ መሰረዝ የለበትም።

ምርጫ አስፈጻሚዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቀጣዩ ቅጽ ከመታተሙ በፊት «የቤት ቁጥር» ከሚለው ሥር «ወይም የሚያድሩበት ቦታ» የሚል መስመር ይጨመርበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የመራጮች መዝጋቢ