ሐኪሙ ሬዚደንት ይሆናል፣ ፋርማሲስቱስ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሳምንት እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል ሦስት አዲስ ፋርማሲስቶች ተመድበው መጡ። "ሥራ አሳያቸው" ተባልኩ። የተሰጠኝ ጊዜ ግማሽ ቀን ነው። ስቶሩን አሳየኋቸው፣ የመድኃኒት ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ የት እንደሚቀመጥ፣ የዕቃ መቀበያና ማውጫ ቅጾቹ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 እንዴት እንደሚሞሉ፣ ሻይ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ነገርኳቸው። ከሰዓት በኋላ አንዷ መስኮት ላይ ተቀምጣ መድኃኒት ማደል ጀመረች። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔም ስቀጠር እንዲሁ ነበር የገባሁት፤ እንዲያውም ለእኔ ሻይ ቤቱን ያሳየኝ የለም።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር የኤ.አር.ቲ. ፋርማሲው (የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚታደልበት ክፍል) ባልደረባ ፈቃድ ወጥቶ እኔ እሸፍን ነበር። አንድ ጎልማሳ ከዋርድ፣ ማለትም ከተኝቶ መታከሚያ ክፍል፣ ወጥቶ ማዘዣውን ይዞ መጣ። በደሙ ውስጥ ኤች.አይ.ቪ. አለ፣ አሁን ደግሞ ቲ.ቢ. ተገኝቶበት መድኃኒት ጀምሯል። ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤች.አይ.ቪ. ክኒን በቀን አንድ ጊዜ እንዲወስድ ታዟል። ሰጠሁት። "ማታ ማታ አንድ ፍሬ፣ እንዳይረሱ" ብዬ መክሬ ሸኘሁት።

ስህተት ነበር። ከቲ.ቢ. መድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ነው፤ እሱ ደግሞ ጉበት ዶሉቴግራቪርን ቶሎ ቶሎ ሰባብሮ እንዲያስወጣ ያደርጋል፣ ስለዚህ 50 ሚሊግራሙ በቀን አንዴ መሆኑ ቀርቶ በየ12 ሰዓቱ መሰጠት ነበረበት። ይህን አላውቅም ነበር? በደንብ አውቃለሁ! ፈተና ላይ ቢመጣልኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምመልሰው። ግን ፈተና ላይ አርባ ሰው ከፊትህ አይሰለፍም፣ "ልጄ ቶሎ በለኝ፣ መኪና ያመልጠኛል" የሚል የለም፣ ማዘዣው ላይ ደግሞ የፈረመው ከአንተ በዕድሜም በደረጃም የሚበልጥ ሐኪም ሆኖ "ልደውል ወይስ ልተወው" እያልክ አታመነታም።

ሰውየው በወሩ ሲመለስ ያገኘችው አንዲት ሲኒየር ባልደረባችን ናት። ካርዱን ስታገላብጥ ቆየችና ጠራችኝ። አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ለሁለት ሳምንት የማስተናግደውን ማዘዣ ሁሉ አብራኝ አየች። "ይሄኛውን ለምን አልጠየቅክም? ኩላሊቱን አይተሃል? ክብደቱ ስንት ነው?" ትላለች። ከዚያ ዝውውር አገኘችና ሄደች። ሬዚደንሲ ማለት ከምርቃት በኋላ በሲኒየር ሥር ሆኖ እየሠሩ መሠልጠን ነው፤ የእኔ ሬዚደንሲ ሁለት ሳምንት ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። አዲስ ፋርማሲስት ከምርቃት በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ደሞዝ እየተከፈለው፣ በሆስፒታል ዋርዶች እየተዘዋወረ፣ ተጠያቂ የሆነ ሲኒየር ከላዩ ተመድቦለት ይሠልጥን። ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን ሬዚደንሲ ሲገባ ማንም "ለምን?" አይልም። ኧረ እንኳን ገባ ነው የሚባለው። ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት የመጨረሻው የሚያየው ሰው ግን በግማሽ ቀን ማስጎብኘት ሥራ ይጀምራል።

"አምስተኛ ዓመት ላይ ዋርድ ትዞሩ የለም ወይ?" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። የቀድሞው የአራት ዓመት ትምህርት አምስት ዓመት የሆነውና ወደ ሕመምተኛው ፊቱን ያዞረው ለዚሁ ብሎ ነው፣ ጥሩ ለውጥም ነበር። ግን ተማሪ ሆኖ መዞርና ፈርሞ መሥራት አንድ አይደለም። ተማሪ እያለን ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች ሕመምተኞችን እየዞሩ ሲያዩ፣ ከኋላ ቆመን ነበር የምንሰማው። ኬዝ እንጽፋለን፣ እናቀርባለን፣ ውጤት ይሰጠናል። የተናገርነው ካርዱ ላይ አይሰፍርም። አንዳንዱ ዋርድ ላይ ደግሞ ለመቆምም ቦታ አልነበረም፤ የሕክምናው ተማሪ፣ የነርሲንጉ ተማሪ፣ የአዋላጁ ተማሪ፣ ሁላችንም አንድ አልጋ ከብበን፣ ሕመምተኛው ምስኪን በመሐል።

"ማስተርስ አለላችሁ" የሚሉም አሉ። የክሊኒካል ፋርማሲ ማስተርስ በጅማ፣ በጎንደርና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፣ ጎበዞችን አፍርቷል። ግን እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ተመርቀው አስተማሪ ሆነዋል። ሆስፒታል የቀረውም ቢሆን ስቶር ኃላፊ ተደርጎ የመድኃኒት ግዥ ሲያሳድድ ይውላል። ቲሲስ መጻፍና ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ በአይ.ሲ.ዩ. (በጽኑ ሕሙማን ክፍል) ለተኛ ሕመምተኛ ቫንኮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ዶዝ ማስተካከል የተለያየ ሙያ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያስተምር ወረቀት የለም።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፣ እሷም ፋርማሲስት ናት። ዲግሪዋን ስትጨርስ ሆስፒታል መሥራት ፈልጋ ሬዚደንሲ አመለከተች። እዚያ ግዴታ አይደለም፣ የሙያ ፈቃድ ያለ ሬዚደንሲም ይገኛል፤ ግን ጥሩ ሆስፒታል የክሊኒክ ሥራ ለማግኘት ያለሱ ይከብዳል። አመልካቹና ሆስፒታሉ እርስ በርስ ይመራረጡና ደረጃ ሰጥተው ያስገባሉ፣ ኮምፒውተር ያዛምዳቸዋል፣ ውጤቱ በመጋቢት ይወጣል። አመልክተው ሳይደርሳቸው የሚቀሩም አሉ። የመጀመሪያው ሬዚደንሲ 12 ወር ነው፣ ልዩ ዘርፍ የሚፈልግ ሁለተኛ ዓመት ይጨምራል። ክፍያው ከመደበኛ ፋርማሲስት ደሞዝ ግማሽ አካባቢ ነው። "በዚያ ዓመት ያለቀስኩትን ያህል አልቅሼ አላውቅም" ትለኛለች። ከዚያ ደግሞ "ዛሬ ግን ሐኪም ደውሎ ሲጠይቀኝ እጄ አይንቀጠቀጥም" ትላለች። የአሜሪካኑን እንዳለ ገልብጠን እናምጣ እያልኩ አይደለም። ሐሳቡን ነው።

እኛ ሀገር እጅ የማይንቀጠቀጥበት ምክንያት ሌላ ነው፣ አይደወልማ! ራውንድ ላይ ወጣት ፋርማሲስት አፉን ሲከፍት "አንተ ደግሞ ከየት ነህ?" የሚል አስተያየት ያገኘዋል። አንድ ቀን የልብ ቫልቭ የተቀየረላት፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የምትወስድ ልጅ ቲ.ቢ. ተገኝቶባት ሪፋምፒሲን ተጀመረላት። ሪፋምፒሲን የዋርፋሪንንም ጉልበት ያሳጣል፤ ደሟ እንዳይረጋ ቶሎ ቶሎ እየተመረመረ ዶዙ መጨመር አለበት። አንድ ባልደረባዬ ይህን ሲናገር መጀመሪያ የሰማው የለም። ደግሞ ተናገረ። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ሬዚደንት ሐኪሙ ዞር ብሎ "ቆይ ልክ ነው" አለ። ሁለቱ አንድ ላይ፣ በአንድ ዋርድ ለአንድ ዓመት አብረው አድረው ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ መናገር ባላስፈለገ።

ገንዘቡስ? ገባኝ፣ ሆስፒታሎቻችን ጓንት ለመግዛትም የሚቸገሩ ናቸው። ግን ሬዚደንት ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ዲዩቲ ይገባል፣ ያድላል፣ ይመክራል። ተመርቀው ሥራ ፍለጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚውሉ ልጆች ደግሞ ሞልተዋል። የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ስሙ ሬዚደንት ሆኖ ሥራው ሌሊት ሌሊት መስኮት የሚጠብቅ ርካሽ ጉልበት እንዳይሆን። ስለዚህ ሲኒየር በሌለበት ሆስፒታል አይጀመር። ለሁሉም በአንዴ ካልተቻለ ክሊኒካል ፋርማሲስቶች ባሏቸው ጥቂት የሪፈራል ሆስፒታሎች ይጀመር። ጤና ሚኒስቴርና የሙያ ማኅበራችን በዚህ ላይ ምን እንደሚያስቡ በጋዜጣችሁ ብትጠይቁልን ደስ ይለናል።

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። ከሦስቱ አዲሶች አንዷ ናት፣ ዛሬ ተረኛ ናት። "ይቅርታ በዚህ ሰዓት ስለደወልኩ" አለች። የሕፃናት ክፍል ነርሷ ጠይቃት ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ በኪሎ 5 ሚሊግራም ታዞለታል፣ ስቶር ያለው አምፑል ግን የአዋቂው፣ 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር ነው። "0.3 ሚሊ ሊትር አካባቢ መጣልኝ፣ ትንሽ መሰለኝና ፈራሁ" አለች። አብረን ደግመን አሰላነው። ልክ ነበረች። ስልኩን ልዘጋ ስል "አንድ ሌላም ነበረችኝ" አለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የሆስፒታል ፋርማሲስት