ችግሩ ማውሱ ነው እንጂ ኢንተርኔቴ አይደለም

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም
አዲስ አበባ

ለኮምፒውተር ዕቃ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ጥቅምት 29 የገዛሁት የጌም ማውስ እንዲቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ከሽያጭ ሠራተኛችሁ ጋር ሁለቴ ተነጋግረን አልተግባባንም። ስለዚህ ለእርስዎ ልጻፍ ብዬ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሲቀበለኝም ሲሸኘኝም በፈገግታ ነው። ግን የጠየቅኩትን አልሸጠልኝም፤ ይዤ ስመለስም ችግሩን ሊያይልኝ አልፈለገም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርዎት። አምስት ዓመት የተጠቀምኩበት ማውስ ነበረኝ። በቅርቡ የግራ ቁልፉ አንዴ ስጫነው ሁለቴ መቁጠር ጀመረ። ጌም የሚጫወት ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል። ከቁልፉ ሥር ባለችው ትንሽ ስዊች ውስጥ ቀጭን የብረት ምላስ አለች። እሷ ስትደክም ነክታ አትረጋም፤ ትንቀጠቀጣለች። ኮምፒውተሩም አንዱን ሁለት አድርጎ ይቀበላል። ፋይል ስጎትት መንገድ ላይ ይጥልብኛል። ካውንተር-ስትራይክ የሚባለው የተኩስ ጌም ላይ በሽጉጥ አንድ ጥይት ልተኩስ ስል ሁለት ይወጣል። ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ስዊቿን ነቅሎ ሌላ መበየድ እንደሚቻል ነገረኝ፤ ምትኳ ግን እጁ ላይ አልነበረችም። አምስት ዓመት ካገለገለኝ ወዲያ በእሱ ምንም ቅሬታ የለኝም።

እናንተ ጋ የመጣሁት የምፈልገውን አውቄ ነው። እጄ ትንሽ ነው። ከእጄ አንጓ እስከ መሀል ጣቴ ጫፍ 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ማውስ ስይዝ መዳፌን አላሳርፍበትም፤ ጣቶቼን አጠፍ አድርጌ ነው የምይዘው። እንደ ሬዘር ዴዝአደር ያለው ጀርባው ከፍ ያለ ማውስ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለእኔ ግን የታላቅ ወንድሜን ጫማ እንደማድረግ ነው። ስለዚህ ሎጊቴክ ጂ102 አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ክብደቱ 85 ግራም ነው። ጎኑ ላይ ሁለት ቁልፍ አለው። ባለ ገመድ ስለሆነ ጨዋታው መሀል ባትሪ አለቀ የሚባል ጣጣ የለበትም።

«እሱ አልቋል ብሮ። ግን ከሱ የሚበልጥ ልስጥህ» አለኝ። «ያ 8 ሺህ ዲፒአይ ነው። ይሄ 12,800 ነው። መብራቱንም ተመልከተው!»

ዲፒአይ ማለት ማውሱ አንድ ኢንች ሲንቀሳቀስ ስንት ነጥብ እንደሚቆጥር ነው። ካውንተር-ስትራይክን እንጀራቸው ያደረጉት ተጫዋቾች እንኳ አብዛኞቹ 400 ወይም 800 ላይ ነው የሚያደርጉት። 12,800 ላይ ባደርገው ሳስነጥስ የማውሱ ቀስት ከስክሪኑ ጥግ ትለጠፋለች። ይህንኑ ለልጁ ነገርኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩና 4,800 ብር ከፈልኩ። እዚህ ላይ የእኔም ጥፋት አለበት። ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን ማውስ «ኦሪጅናል ነው፣ ችግር ካለው ትመልሰዋለህ» ስላለኝ ብቻ አምኜ ወሰድኩ።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሰካሁት። እንደያዝኩት ከበደኝ። ባለቤቴ ዱቄት የምትመዝንበት ዲጂታል ሚዛን ላይ ገመዱን በእጄ ይዤ አስቀመጥኩት፤ 143 ግራም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 89 ነው። ስነቀንቀው ውስጡ የሆነ ነገር ቋ ቋ ይላል። ካርቶኑ ማውሱ በሴኮንድ 1000 ጊዜ ለኮምፒውተሩ መልእክት ይልካል ይላል። በነፃ መሞከሪያ ስፈትነው ከ125 አላለፈም። 1000 ከሆነ በየ1 ሚሊሴኮንዱ ይልካል፤ 125 ከሆነ በየ8ቱ ነው። ቢሮ ለኤክሴል 125 ይበቃል፣ አልጣላም። እኔ የከፈልኩት ግን ለ1000 ነው።

ይህንን እንኳ በቻልኩት ነበር። ያልቻልኩት ሴንሰሩን ነው። ቀስ ብዬ ሳንቀሳቅሰው ደህና ነው። ከኋላዬ የመጣ ሰው ላይ ቶሎ ልዙር ስል ግን ይጠፋበታል። ጠላቴን አያለሁ ስል ሰማይ አያለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ የራሴን ጫማ። የማውስ ሴንሰር ከሥሩ ያለውን ገጽ በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ፎቶ እያነሳ፣ አንዱን ፎቶ ከቀጣዩ እያስተያየ ነው ወዴት እንደሄደ የሚያውቀው። ርካሽ ሴንሰር እጅ ሲፈጥንበት መከተል ያቅተዋል። 12,800 ተብሎ ካርቶን ላይ ስለታተመ ይህ አይድንም።

ሰኞ ኅዳር 1 ይዤው መጣሁ። ልጁ ማውሱን ሳይነካው «ኢንተርኔትህ ነው ብሮ» አለኝ።

አቶ ሥራ አስኪያጅ፣ ዶታ 2 የሚባለውን የኢንተርኔት ጌም በዱባይ ሰርቨር የሚጫወት የአዲስ አበባ ሰው ፒንግ ምን እንደሆነ ሊነገረው አይገባም። ፒንግ፣ ማለትም ትእዛዝህ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ሲጨምር ያዘዝከው ጀግና ዘግይቶ ይሄዳል፤ ቀስቷ ግን እጅህን መከተሏን አትተውም። የእኔዋ ቀስት ዋይፋዩ ጠፍቶ፣ ጌሙ ተዘግቶ፣ ባዶ ዴስክቶፕ ላይ ትዘላለች። በእናንተው ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ አሳየሁት። «የጠረጴዛው መስታወት ነው» አለ። ይህ አባባሉ እንኳ ውሸት አይደለም፤ አብዛኛው የማውስ ሴንሰር መስታወት ላይ ይቸገራል። ስለዚህ ከመደርደሪያችሁ አንድ የማውስ ፓድ አውርደን አነጠፍን። አሁንም ዘለለች። ልጁ ዝም አለ። ቀጥሎ «ቴክኒሻኑ ሐሙስ ነው የሚገባው» አለኝ።

ሐሙስ መጣሁ። ቴክኒሻናችሁ ጨዋ ሰው ነው። ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ ሁለት የብረት ቁራጮች አየን። አንዱ በሙጫ ተለጥፏል፤ ሌላው ሙጫው ለቆት ወዲያ ወዲህ ይላል። ቋ ቋ የሚለው እሱ ነበር። ሥራቸው አንድ ነው፤ ማውሱን ማክበድ። ከባድ ዕቃ በእጅ ሲያዝ ጠንካራ ይመስላላ። ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይናገር መልሶ ገጠመው።

ከዚያ ወደ ካሸሯ ሄድኩ። «የኔ ወንድም፣ አንዴ የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለችኝ። የከፈተው የእናንተው ሰው ነው፣ የከፈተውም እዚሁ ፊታችሁ ነው ብላት ደረሰኙን ገልብጣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማኅተም አሳየችኝ። ስወጣ በመስታወት መደርደሪያው ሁለተኛ ረድፍ ላይ ሁለት ጂ102 ተደርድረው አየሁ። አልቋል የተባለው ማለት ነው። በኋላ መጥቶም ከሆነ አንድ ሰው ሊነግረኝ ይችል ነበር።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ዋጋው ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እኔ መጀመሪያ የመጣሁት በሁለተኛው ቀን ነው። ዛሬም ቀኑ አላለፈም።

የምጠይቀው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ መደርደሪያው ላይ ካሉት ሁለቱ አንዱን ስጡኝ፤ የዋጋ ልዩነት ካለው እጨምራለሁ። እሱ ካልሆነ 4,800 ብሬን መልሱልኝ። ሌላ «ከሱ የሚበልጥ» እንዲመረጥልኝ አልፈልግም። ከተቻለ ደግሞ ቀሪዎቹን የዚህ ማውስ ካርቶኖች 89 ግራም እያላችሁ አትሽጧቸው። የሚቀጥለው ገዢ ቤት ሚዛን ላይኖር ይችላል።

የደረሰኙን ኮፒ እና ሚዛኑ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ማውሱን ከነካርቶኑ ይዤ ቅዳሜ ኅዳር 13 ጠዋት እመጣለሁ። እርስዎ ባሉበት ጂ102ንም ሰክተን እንሞክረዋለን። የማውስ ፓድ ከቤት ይዤ እመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ